እግዚአብሔር ይጨምርልሽ

ጋሼ ባርናባስን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እሳቸው» እያልኩ ነው የምጠራቸው። ክብር ስለሚገባቸው አይደለም፤ እናቴ ስለምታነበው ነው። ለእኔ ቢተው ኖሮ ሌላ ስም አላጣላቸውም ነበር።

የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ስሜ ኢየሩስ ነው፤ ዕድሜዬ ሃያ አራት። ካልጋሪ የመጣሁት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ከእናቴ ጋር ነው። አሁን የጋሼ ባርናባስ ድርጅት ውስጥ የሦስተኛ ዓመት አፕረንቲስ ነኝ፤ እየሠራሁ እማራለሁ ማለት ነው። በየዓመቱ ለተወሰኑ ሳምንታት ትምህርት ቤት እገባለሁ። ለመግባት ግን የሠራሁትን ሰዓት አሠሪዬ «አዎ፣ ሠርታለች» ብሎ ማፅደቅ አለበት። አሠሪዬ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ካላፀደቁ ዓመቴ ባከነ። ይህቺን ያዙልኝ።

ነገሩ የፈነዳው ሬድስቶን በሚባል ሰፈር፣ ገና በመሠራት ላይ ባለ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ነበር፤ ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት። ሐሙስ ወለሉ ላይ ኮንክሪት ሊፈስ ነው፤ ስለዚህ ከሥር የሚቀበሩት የፍሳሽ ቱቦዎች ከዚያ በፊት ተዘርግተው ማለቅ አለባቸው። የዘረጋቸው ሩቤን ነው። ሩቤን እዚሁ የተወለደ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነው፤ በሙያው ከእኔ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ነው፤ እኛ ጋ ከገባም ገና አምስት ወሩ። የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ልጁን እወደዋለሁ። አይዋሽም፣ አይለግምም። ችግሩ ይቸኩላል።

ውሃ ልኩን ቱቦው ላይ አስቀመጥኩና አየሁ። አነሳሁት፣ ጠረግኩት፣ እንደገና አስቀመጥኩት።

«ሩቤን፣ ና እስኪ።»

«ዋት?»

«ውሃው ወዴት ነው የሚሄደው?»

ጎንበስ ብሎ አየ። «ወደ... ኦ፣ ኖ።»

ተዳፋቱን ገልብጦታል። የሻወሩ ውሃ ወደ መንገዱ የፍሳሽ መስመር በመውረድ ፈንታ ተመልሶ ሻወሩ ውስጥ ይገባል። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ቢታወቅ ወለሉን ሰብሮ ማውጣት ነው፤ ኪሳራው ደግሞ የጋሼ ባርናባስ።

«ፕሊስ፣ ለጋሼ እንዳትነግሪው» አለኝ። ሩቤን ጋሼን የሚጠራቸው እንደ እኩያው ነው፤ አንቱ ማለት አያውቅበትም።

«አልነግራቸውም። መጋዙን አምጣ።»

ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆረጥን፣ ጠጠሩን ቆፈርን፣ እንደገና አጣበቅን። ምሳ ሰዓት ላይ ቫኑ ውስጥ ማሞቂያውን ከፍተን ስንበላ፣ ሩቤን መኪና ሊገዛ መሆኑን ነገረኝ። ከየት ባመጣኸው ብር ነው ብዬ ቀለድኩበት።

«ላይክ፣ ሃያ ስምንት ይበቃል። ሎን እወስዳለሁ።»

«ሃያ ስምንት ምን?»

«በሰዓት። ሃያ ስምንት ዶላር።»

የእኔ ሃያ አራት ነው።

«ሲቀጥሩህ ጀምሮ ነው?»

«ኖ፣ ስጀምር ትወንቲ ሁለት ነበር። ከክሪስማስ በፊት ጠየቅኩት። 'ጋሼ፣ አይ ኒድ ትወንቲ ኤይት' አልኩት።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«ኦኬ አለ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን? ኦኬ አለ፤ ዛትስ ኢት። ዋይ? አንቺ ስንት ነው?»

አልነገርኩትም። ከቫኑ ወርጄ በሩን እንዳቅሜ ወረወርኩትና ያን ሁሉ ብርድ ጓንት ሳላጠልቅ ቆምኩበት። ደሜ ስለፈላ ብርዱ አልተሰማኝም። የተናደድኩት በሩቤን አይደለም፤ ልጁ ጠየቀ፣ ሰጡት፤ ምን ያድርግ? የተናደድኩት እኔም ስለጠየቅኩ ነው። ያውም ከእሱ በፊት፣ ጥቅምት ላይ።

ጥቅምት ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ለዚያች ቀን ሁለት ሳምንት ተዘጋጅቻለሁ። የምለውን መስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ። ጠዋት የሥራ ዕቃ ልንጭን ቢሮ ስንገናኝ ገባሁ። ቢሮው ማለት የመጋዘኑ ጥግ ነው፤ ጋሼ ባርናባስ በአንዱ ጠረጴዛ፣ ሒሳቡን የሚይዙት ሚስታቸው እትዬ ፀሐይ በሌላው ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። ሁለት ሠራተኞች በሩ አጠገብ ቱቦ ይቆጥራሉ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «እንደው ካላስቸገርኩዎት፣ ከተመቸዎት፣ ስለ ጭማሪ ትንሽ ቢያስቡልኝ ብዬ ነው።»

ያኔ በጣም ያማረ አነጋገር መስሎኝ ነበር።

ጋሼ ባርናባስ ከወንበራቸው ተነሱ። ኮፍያቸውን አወለቁ። እጃቸውን ሲዘረጉ እኔ ሊጨብጡኝ መስሎኝ ቀኜን ሰደድኩ፤ መዳፋቸው ግን አልፎኝ ሄዶ ራሴ ላይ አረፈ።

«እግዚአብሔር ይጨምርልሽ» አሉ።

ትልቅ ሰው ሲመርቅ ምን ይደረጋል? አንገት ይደፋል። ደፋሁ። «አሜን» አልኩ።

«የነካሽው ሁሉ ይባረክ።»

«አሜን።»

«ክፉ አይንካሽ። ለቁም ነገር ያብቃሽ። እደጊ፣ ተመንደጊ።»

«አሜን፣ አሜን።»

ቱቦ የሚቆጥሩት ሁለቱ እንኳ ሥራቸውን አቁመው አሜን አሉ። እትዬ ፀሐይ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው «ታድለሽ፤ የእሱ ምርቃት ይደርሳል» አሉኝ። ወጣሁ። ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት፤ እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው። የተፈቀደልኝ መስሎኝ ለእናቴ ቦት ጫማ አየሁላት።

ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ፤ የደሞዝ ወረቀቴ ያው ሃያ አራት። ሌላ ሁለት ሳምንት፤ ያው ሃያ አራት። ምናልባት ረስተውት ይሆናል ብዬ እትዬ ፀሐይን «ያ የጭማሪው ነገር...» ብላቸው ገርሟቸው አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ተመርቀሽ የለም እንዴ?» አሉ። እኔም አፍሬ ወጣሁ። ላም አለኝ በሰማይ ይሉሃል ይኸ ነው።

እንግዲህ ሬድስቶን በረዶው ላይ ቆሜ ነው ነገሩ የገባኝ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለማኝ እጁን ሲዘረጋ፣ መስጠት ያልፈለገ ሰው ምን ይላል? «እግዚአብሔር ይስጥህ» ይላል። ቃሉ ምርቃት ነው፤ ትርጉሙ ግን «እኔ አልሰጥህም፣ እለፍ» ነው። ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ለማኙ እንኳ ያውቃል፤ ሰምቶ ወደሚቀጥለው ሰው ይዞራል። እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ በእሳቸው ስር ቱቦ ተሸክሜ፣ የሰው ሽንት ቤት ስር ተኝቼ ስጠይቃቸው፣ አንዲት ቃል ለወጥ አድርገው እንደ ለማኝ ሸኙኝ። የለማኙን ያህል እንኳ ሳይገባኝ አሜን ብዬ ወጣሁ።

ሩቤን የቫኑን መስኮት ዝቅ አድርጎ «አር ዩ ኦኬ?» አለኝ።

«ሥራ እንጀምር» አልኩት።

እናቴ ቆንጅት ዳውንታውን አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ላውንድሪ ነው የምትሠራው። የምንኖረው ማርልቦሮ የሚባል ሰፈር፣ ሰው ቤት ቤዝመንት ነው። ማታ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ሁሉንም ነገርኳት፤ የሩቤንን ደሞዝ፣ የለማኙን ነገር፣ ሄጄ በግልጽ ልጠይቃቸው እንዳሰብኩ። አንጀቷ ያርርልኛል ብዬ ነበር። እሷ እቴ።

«ለቤቱ ዋስ ሆነው የፈረሙልን ማን ናቸው?» አለችኝ።

«እሳቸው ናቸው።»

«ሴት ልጅ ቧንቧ አትሠራም ብለው አምስት ቦታ ሲመልሱሽ 'ነገ ጠዋት ትምጣ' ያሉሽስ?»

«እሳቸው ናቸው፣ እማዬ።»

«ታዲያ የበላሽበትን ወጪት ልትሰብሪ ነው?»

«ሠርቼ ነው እኮ የበላሁት።»

«ይሁና። ሰዓትሽን ገና አላፀደቁልሽም። ቢቀየሙሽስ? ትምህርቱ ሊደርስ ነው። እስቲ እስኪያልፍ ታገሺ፤ ዝም አይነቅዝም።»

እውነቷን ነው፤ እሱ ነው የከፋው። ጋሼ ባርናባስ ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ገና ጥቅምት ላይ ተጣልተን ባረፍነው ነበር። የመጀመሪያው ክረምት ላይ፣ ማንም ቤት አላከራይም ሲለን ብዕራቸውን አውጥተው ፈርመውልናል። ያን ውለታ አልካድኩም፣ አልክድም። ግን ውለታ የሚከፈለው በስንት ዓመት ነው? ማን ነው በቃ የሚለው? ዝም አይነቅዝም የሚለውን የተናገረ ሰው ደግሞ ሦስት ዓመት ዝም ብሎ የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔ ነቅዣለሁ።

ረቡዕንና ሐሙስን ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። ጠይቄ ቢቀየሙኝስ? ሰዓቴ አይፀድቅ፣ ትምህርቴ ይለፈኝ፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን አንገቷን ደፍታ ትግባ። ባልጠይቅስ? የማሠለጥነው ልጅ በሃያ ስምንት ዶላር መኪና ሲነዳ እያየሁ፣ ስህተቱን በሃያ አራት እያረምኩ ልኑር። ሐሙስ ኮንክሪቱ ሲፈስ ቆሜ አየሁት። ያቃናሁት ቱቦ ተሸፈነ። ከእንግዲህ ማንም አያየውም፤ ውሃው ግን ዕድሜ ልኩን በትክክል ይወርዳል። ያን ጊዜ ቆረጥኩ።

የሚቀረው እንዴት የሚለው ነበር። በአማርኛ እሳቸውን ማሸነፍ እንደማይቻል ገብቶኛል። በአማርኛ እሳቸው አንቱ ናቸው፣ እኔ ልጄ ነኝ፤ ከፋዩ ደግሞ እግዚአብሔር ነው። በእንግሊዝኛ ግን ሁሉም ሰው «ዩ» ነው፤ እግዚአብሔርም ከደሞዝ ወሬ ውስጥ አይገባም። እንደ ሩቤን በእንግሊዝኛ እጠይቃለሁ አልኩ።

ዓርብ ከሥራ መልስ የሥራ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ቢሮ ገባሁ። ሁለቱም በየጠረጴዛቸው አሉ።

«ጋሼ» አልኩ፤ ገና ከመጀመሪያው ቃል ተበላሸ። «ጋሼ፣ አይ ዉድ ላይክ ቱ ቶክ አባውት ማይ ፔይ።»

ጋሼ ባርናባስ ወደ ሚስታቸው አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ ቢሆን ደስ ባለኝ። ሐዘን ነው ያየሁት።

«ምነው ልጄ» አሉ። «ምን በደልኩሽ?»

እንግሊዝኛው ራሱ ስድብ ሆነ ማለት ነው።

«ምንም አልበደሉኝም» አለ አፌ፣ በአማርኛ። ወዲያው ደግሞ ንዴቴ ደረሰበት። «አይ፣ በድለውኛል። ሩቤን ሃያ ስምንት ነው የሚከፈለው። እኔ ሃያ አራት።»

«የሰው ደሞዝ መጠየቅ ነውር ነው» አሉ እትዬ ፀሐይ።

«አልጠየቅኩትም። ነገረኝ።»

ጋሼ ባርናባስ በረጅሙ ተነፈሱ። «ኢየሩስ፣ ሩቤን'ኮ ፈረንጅ ነው። መልኩን አትዪ። ባልጨምርለት በነጋታው ጥሎኝ ይሄዳል፤ ይሉኝታ የለው፣ ምን የለው። አንቺ ግን ልጃችን ነሽ። አንቺ አትሄጂም።»

እያሞገሱኝ ነው እንግዲህ። ልጅነቴን በአራት ዶላር ቅናሽ ገዝተውኛል። የማትሄጂ ስለሆንሽ ርካሽ ነሽ አሉኝ፤ ያውም በፍቅር ዓይን እያዩ። እንዲህ እርር ድብን ብዬ አላውቅም።

ተነሱ። ኮፍያቸውን አወለቁ። እጃቸው ሲመጣ አየሁት።

«እግዚአብሔር...» አሉ።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። መዳፋቸው አየር ላይ ቀረ።

«...ይጨምርልሽ» ብለው ጨረሱት፤ የተጀመረ ምርቃት አይቋረጥም።

ዝም አልኩ። ምርቃት ያለ አሜን ምን እንደሚመስል ያያችሁ አይመስለኝም። እኔም ከዚያ በፊት አላየሁም። ቢሮው በሙሉ የሆነ ነገር እስኪወድቅ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ጋሼ ባርናባስ እጃቸውን እንደዘረጉ ናቸው። እትዬ ፀሐይ ደነገጡ።

«አሜን በይ እንጂ፣ አንቺ ልጅ» አሉኝ።

አሜኑ አፌ ላይ ደርሷል። የሃያ አራት ዓመት ልማድ ነው፤ ሊወጣ ይታገለኛል። ዋጥኩት።

«ጋሼ» አልኩ፣ «እሱ እግዚአብሔር የሚጨምርልኝ ነው። እኔ የጠየቅኩት የእርስዎን ነው።»

እጃቸው ወረደ። ተቀመጡ፤ ኮፍያቸውን ግን መልሰው አላደረጉም። ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ላፕቶፕ ከፈቱ።

«የዘንድሮው ሰዓትሽ ገና አልፀደቀም፣ አይደል?» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

ይኸው መጣ። እናቴ ያለችው መጣ። ይቅርታ ልጠይቅ፣ በእንግሊዝኛ ስለጀመርኩ፣ ወደ ኋላ ስላፈገፈግኩ፣ ስለሁሉም ልጠይቅ ትንሽ ነው የቀረኝ። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ይባላል።

«አልፀደቀም። የሠራሁት ነው፤ ያፅድቁት» አልኩ። «ሬድስቶን ያሉት ቤቶች ስር የተቀበረው ሁሉ የእኔ እጅ ነው። ማክሰኞ ሩቤን የሻወሩን መስመር ገልብጦ ዘርግቶት ነበር። ትናንት እንደዚያ ሆኖ ኮንክሪት ቢፈስበት ስንት ይከስሩ ነበር? ማን ያቃናው ይመስልዎታል?»

ለሩቤን አልናገርም ብዬው ነበር። ተናገርኩ። የእኔን ለማግኘት የእሱን አሳልፌ ሰጠሁ፤ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብመልሳት ደስ ይለኛል። አትመለስም።

ጋሼ ባርናባስ አገጫቸውን አሹ። «ማክሰኞ?»

«ማክሰኞ።»

«እና አቃናሽው?»

«አቃናሁት። ሦስት ሰዓት ፈጀብን።»

ውጭ አንድ ሰው መኪና ሲያሞቅ ይሰማል። እትዬ ፀሐይ አንዴ ባላቸውን፣ አንዴ እኔን ያያሉ።

«ስንት ነው የምትፈልጊው?» አሉኝ ጋሼ።

«ሠላሳ።»

«ፀሐይ፣ ሠላሳ አድርጊላት።»

እትዬ ፀሐይ ቁልፎቹን ጠቅ ጠቅ አደረጉና «ከሰኞ ጀምሮ» አሉ። በቃ። ጋሼ ባርናባስ ደግሞ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዙረው ሰዓቴን አንድ በአንድ እያሳዩ አፀደቁልኝ። አንዲትም አልቀነሱም። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ደስ ይለኛል ብዬ የጠበቅኩት ነገር ሁሉ እዚያው ፊቴ ሆነ፤ እኔ ግን ከገባሁበት ሰዓት ይብስ ተናደድኩ።

«ይህን ያህል ቀላል ከሆነ» አልኳቸው፣ «ጥቅምት ላይ ለምን አላደረጉትም?»

ቀና ብለው አዩኝ። እየቀለዱ አልነበረም፤ ከልብ ገርሟቸዋል።

«ጥቅምት ላይ መቼ ጠየቅሽኝ?» አሉ። «ለመንሽኝ እንጂ። ለለመነ ይመረቅለታል።»

ከተመቸዎት፣ ካላስቸገርኩዎት፣ ቢያስቡልኝ ማለትን ያስተማሩኝ እናቴና እሳቸው፣ የእሳቸውም ቢጤዎች ናቸው። አስተምረውኝ ሲያበቁ፣ እንዳስተማሩኝ ስናገር ለማኝ አሉኝ። «ደህና ዋሉ» ብዬ ወጣሁ። ቅዳሜ ለሩቤን ደውዬ የሆነውን ነገርኩት። «ኢትስ ፋይን፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለ። የባሰ አፈርኩ።

ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በእርጋታ እነግራታለሁ ብዬ አቆየሁት። ቀደሙኝ።

ከቅዳሴ ወጥተን ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናው እስኪሞቅ ቆመናል። ነጠላዋን ከካፖርቷ በላይ ደርባለች። ጋሼ ባርናባስ ከእትዬ ፀሐይ ጋር መጡና እናቴን ሳሟት።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ ቆንጅት። ለልጅሽ ጨምሬላታለሁ» አሏት። «ስድስት ዶላር።»

እናቴ መጀመሪያ እኔን አየች። ከዚያ እጆቿን አጣምራ ወደ እሳቸው ዞረች።

«እግዜር ያክብርልኝ! እግዜር ውለታዎን ይክፈልልኝ!»

እያለች ጎንበስ አለች፤ ጉልበታቸውን ልትስም ነው። የሃምሳ ስድስት ዓመት ሴት፣ ወገቧን የሚያማት፣ ጨው በተነሰነሰበት በረዶ ላይ አንድ ጉልበቷን አስቀመጠች። እሳቸው «አረ በጊዮርጊስ፣ አረ ተዪ» ይላሉ፤ እጃቸው ግን ትከሻዋ ላይ ነው፣ እያነሳት አይደለም። ሰው ሁሉ በፈገግታ ያያል። ጥሩ ሰው ቸርነት ሲያደርግ ይታያል እንግዲህ።

ስድስት ዶላሬን አየሁት። የቆፈርኩት ጠጠር፣ የቆረጥኩት ቱቦ፣ የዋጥኩት አሜን፣ ሁሉም ተሰብስቦ የእሳቸው ስጦታ ሆኗል። እናቴ ስለ እኔ ላብ እሳቸውን እያመሰገነች ነው፤ ያውም ተንበርክካ።

ሄድኩና ክንዷን ያዝኩ።

«እማዬ፣ ተነሺ።»

«ቆይ፣ ልጄ...»

«ተነሺ። ደሞዜ ነው። ማንም አልሰጠኝም።»

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ፓርኪንጉ ውስጥ ያለ ሁሉ ሰምቷል። ስቤ አስነሳኋት፤ ጉልበቷ ላይ የተጣበቀውን በረዶ በእጄ አራገፍኩላት። ጋሼ ባርናባስን ከዚያ በላይ አልተናገርኳቸውም። እናቴን መኪና ውስጥ አስገብቼ ቀበቶዋን አስሬላት ነዳሁ።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በመስኮቱ በኩል ታያለች። አዋረድሽኝ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ቃላት አዘጋጅቼ ነበር፣ ሁሉም መጥፎ። ሁለት መብራት አለፍን።

«ስድስት ሲጨመር ስንት ሆነልሽ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ሠላሳ።»

«በሰዓት?»

«በሰዓት።»

«እኔ አሥራ ስምንት ነኝ» አለች።

ስንት እንደሚከፈላት ነግራኝ አታውቅም። ጠይቄያት አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ላውንድሪ ውስጥ ናት፤ ያሠለጠነቻቸው ሴቶች ሱፐርቫይዘር ሆነው ያዝዟታል።

«ጨምሩልኝ ብለሽ አታውቂም?»

«ማንን?»

«አለቆችሽን።»

«ኧረ እኔ እግዚአብሔርን እንጂ ሰው ጠይቄ አላውቅም» አለች።

መንገዱ ዳር አቁሜ መጮህ አማረኝ። በእሷ ይሁን፣ በሆቴሉ ይሁን፣ በራሴ ይሁን አላወቅኩም፤ በሁሉም ነበር መሰለኝ። መሪውን ጨብጬ ነዳሁ።

«ምን ብለሽ ነው የጠየቅሻቸው?» አለችኝ ቆየት ብላ። «በእንግሊዝኛ ነው አሉ። ፀሐይ ቅዳሴ መሃል ስታንሾካሹክብኝ ነበር።»

«በእንግሊዝኛ ጀመርኩ፣ በአማርኛ ጨረስኩ።»

«የእኔዋ ሱፐርቫይዘር አማርኛ አትሰማም። በእንግሊዝኛው ምን ይባላል?»

ዞር ብዬ አየኋት። የምትቀልድ አይደለችም። ነገርኳት፤ ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል። ከንፈሯን አንቀሳቅሳ ለራሷ ሞከረችው፤ ከዚያ ድምፅ አውጥታ፦

«አይ ኒድ ትወንቲ ቱ ዶላር። ፕሊስ።»

«ፕሊሱን አውጪው» አልኳት።

«ያለ ፕሊስ? ነውር አይደለም?»

«ነውር አይደለም።»

ማርልቦሮ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ቀይ መብራት ያዘን። እናቴ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አውርዳ አስተካከለች።

«ያለ ፕሊስ ከሆነማ» አለች፣ «ሃያ አምስት ነው የምላት።»